የሞተርን ልጓም መፍታት ውኃ ይጨምራልን?

ባሕር ዳር፦ ከጥር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት በጣና ዙሪያ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች ግራና ቀኝ ከሩቅ የሚሰማው የአነስተኛ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ድምፅ ነው። ሽንኩርቱ ኮረት የሚቋጥርበት፣ ቲማቲሙ የሚያብብበት፣ የበጋ ስንዴው ዛላ የሚያወጣበት ጊዜ በመኾኑ አርሶ አደሩ ከሞተሩ ጋር ውሎ ከሞተሩ ጋር ያመሻል። የወንዙ ውኃ ደግሞ በየሳምንቱ ወደ ታች ይወርዳል። ባለፈው ወር ማሳውን በግማሽ ቀን ያጠጣ የነበረው ሞተር አሁን ሙሉ ቀን ሠርቶም አያዳርስም።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚሹት መፍትሔ አንድ ነው፤ ሞተሩን ወደ ጥገና ባለሙያ ወስዶ ፍጥነቱን ማስጨመር። ባለሙያው ከካርቡሬተሩ አጠገብ ያለችውን ቀጭን ሞላ ይስባል፣ ወይም በጠንካራ ሞላ ይቀይራታል፣ አልያም የሞላዋን ክንድ በሽቦ አስሮ ይመልሳል። ሥራው ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ሞተሩ ሲነሳ ከቀድሞው እጅግ ይጮኻል፤ ባለቤቱም በጩኸቱ ተደስቶ ይሄዳል። ጩኸትና ጉልበት ግን አንድ አይደሉም። ይህ ጽሑፍ ያ የተነካካው ክፍል ምን እንደሚሠራ፣ ሲነካካ በሞተሩና በፓምፑ ላይ ምን እንደሚከተል፣ የውኃው መቀነስ መፍትሔስ የት እንደሚገኝ ያስረዳል።

ክፍሉ በመካኒኮች አጠራር «ገቨርነር» ይባላል። በአማርኛ ፍጥነት ገዢ ብንለው ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል። አሳቡ አዲስ አይደለም። ከ200 ዓመታት በፊት በአውሮፓ የነፋስ ወፍጮዎች ላይ፣ ነፋሱ ሲበረታና ሲደክም በሁለቱ የወፍጮ ድንጋዮች መካከል ያለውን ክፍተት ለመቆጣጠር በሚሽከረከሩ ኳሶች የሚሠራ መሣሪያ ይገጠም ነበር። ጄምስ ዋት በ1788 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይህንኑ ዘዴ ወደ እንፋሎት ሞተር አመጣው። ከ80 ዓመታት በኋላ የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1868 ስለ እነዚህ ፍጥነት ገዢዎች የሒሳብ ትንታኔ አሳተመ። ዛሬ የቁጥጥር ምሕንድስና የሚባለው የትምህርት ዘርፍ ከመነሻዎቹ አንዱን የሚቆጥረው ከዚያ ጽሑፍ ነው። በሽንኩርት ማሳ ዳር ያለችው ትንሽ ሞተር የተሸከመችው ይህንን ታሪክ ነው ማለት ይቻላል።

አሠራሩን ለመረዳት በገበያችን በብዛት የሚታየውን የሞተር ዓይነት እንያዝ። የሆንዳ ጂኤክስ 160 ሞተርና ከዚሁ ንድፍ የተቀዱ በርካታ ሞተሮች የሲሊንደር ይዘታቸው 163 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። በሞተሩ ሆድ ውስጥ፣ ዘይቱ ባለበት ቦታ፣ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ተያይዛ የምትዞር ትንሽ ጥርስ ያላት መዘውር አለች። በእርሷም ላይ ትንንሽ የብረት ክብደቶች ተንጠልጥለዋል። ሞተሩ ሲፈጥን ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ሲከፈቱም አንዲት ዘንግ ይገፋሉ። ያቺ ዘንግ ከሞተሩ አካል ወጥታ ከውጭ ካለው ክንድ ጋር ትገናኛለች። ክንዱ ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚገባውን የአየርና የቤንዚን ቅልቅል የሚመጥነውን የካርቡሬተሩን በር ይዘጋል። በተቃራኒው በኩል ሞላዋ በሩን ለመክፈት ክንዱን ትጎትታለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ትግል አለ፤ ክብደቶቹ «ዝጋ» ይላሉ፣ ሞላዋ «ክፈት» ትላለች። ሁለቱ እኩል በሚኾኑበት ነጥብ ላይ የሞተሩ ፍጥነት ይጸናል።

ብዙ ተጠቃሚዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ጥንቸልና ኤሊ የተሣሉበት የፍጥነት መስጫ በቀጥታ የካርቡሬተሩን በር አይከፍትም። የሚያደርገው ሞላዋን መወጠር ወይም ማላላት ነው። ይህም ማለት ወደ ጥንቸሏ ስንገፋው ሞተሩን «ይህን ያህል ፍጥነት ጠብቅ» ብለን እናዝዘዋለን እንጂ «ይህን ያህል ቤንዚን ጠጣ» አንለውም። ሥራው ቀላል ሲኾን ፍጥነት ገዢው በሩን ያጠበዋል። ሥራው ሲከብድና ሞተሩ ሊንቀራፈፍ ሲል በሩን ያሰፋዋል። ሸክሙ በጣም ከከበደ ደግሞ በሩን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም፤ ሞተሩ ያለውን ሁሉ ሰጥቷል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ፓምፑ ውኃ እየሳበ፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እያጓራ ፍጥነቱ ግን ከተገቢው በታች ከኾነ፣ የካርቡሬተሩ በር ቀድሞውኑ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ ሞላዋን ማጠንከር የተከፈተን በር እንደገና ለመክፈት መሞከር ነው። አንዲት ጠብታ ውኃ አይጨምርም። ሞላዋ ሥራ የምትሠራው ሸክሙ በቀለለ ጊዜ፣ ማለትም ፓምፑ ውኃ በሌለበት ጊዜ ብቻ ይኾናል። ጋራዥ ውስጥ ሞተሩ የጮኸውም ያለ ውኃ፣ ያለ ሸክም ስለተነሳ ነው።

ይህንን ማንም ሰው በማሳው ዳር ሊያረጋግጥ ይችላል። ፓምፑ ውኃ እየሰጠ፣ መስጫው ወደ ጥንቸሏ ተገፍቶ እያለ የክንዱን አቀማመጥ ከሩቅ መመልከት ይበቃል። ክንዱ በሩን እስከ ጥግ ከፍቶ ከቆመ ችግሩ ፍጥነት ገዢው አይደለም። ክንዱ ከጥጉ ቀድሞ ቆሞ፣ ሞተሩም በምቾት እየሠራ ከኾነ ደግሞ ገና የተቆጠበ ጉልበት አለ ማለት ነው። እንዲህ ሲኾን ፍጥነቱ ከአምራቹ ልክ በታች መኾኑን ለክቶ ወደ ልኩ መመለስ ተገቢ ነው።

ልኩ ስንት ነው? ለተጠቀሰው ሞተር አምራቹ ከፍተኛውን ጉልበት የሚያስቀምጠው በደቂቃ 3 ሺህ 600 ዙር ላይ ነው። ያለ ሸክም ሲነሳ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት ደግሞ 3 ሺህ 850 ገደማ ነው፤ ከዚህም 150 ዙር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢል ችግር የለውም። ጉልበቱን በተመለከተ በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ 5 ነጥብ 5 የፈረስ ጉልበት የሚል ጽሑፍ ይታያል። በኋላ በመጣው የአለካክ ደንብ ያው ሞተር የተጣራ ጉልበቱ 4 ነጥብ 8 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተመዝግቧል። ሞተሩ አልደከመም፤ የተቀየረው አለካኩ ነው። ይህ ገዥዎችን ብዙ ጊዜ ግራ የሚያጋባ ጉዳይ በመኾኑ ማንሣቱ አይከፋም።

ከ3 ሺህ 600 በላይ ሲሄድ ምን ይገጥማል? በመጀመሪያ ፓምፑን እንይ። እንዲህ ያሉት ፓምፖች በሚሽከረከር መዘውር ውኃውን ወደ ውጭ የሚወረውሩ ናቸው። በእነርሱ ዘንድ የታወቀ ሕግ አለ፤ የሚሰጡት ውኃ ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፣ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፉበት ከፍታ በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል፣ የሚጠይቁት ጉልበት ግን በፍጥነቱ ኪዩብ ያድጋል። በቁጥር እናስቀምጠው። ፍጥነቱን ከ3 ሺህ 600 ወደ 4 ሺህ 500 ማሳደግ ማለት በአንድ አራተኛ መጨመር ነው። ውኃው በግርድፉ በ25 በመቶ ይጨምራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት ግን በ95 በመቶ ያድጋል፤ እጥፍ ሊኾን ጥቂት ነው የሚቀረው። ያንን ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በማሳው ዳር የለም። ስለዚህ በሸክም ውስጥ ሞተሩ 4 ሺህ 500 ላይ አይደርስም፤ አቅሙ በፈቀደለት ቦታ ላይ ይቆማል፣ ያም ከበፊቱ እምብዛም አይርቅም።

አንዳንዱ እንግዲያውስ ጉዳት የለውም ሊል ይችላል፤ ካልጨመረ አይጎዳምና። ጉዳቱ የሚመጣው በሌላ ሰዓት ነው። የወንዙ ውኃ ወርዶ የመምጠጫው ጫፍ አየር ሲስብ፣ የመምጠጫው ቱቦ ከመጋጠሚያው ሲላላ፣ ወይም ጉድጓዱ ሲደርቅ ፓምፑ በድንገት ባዶ ይኾናል። ሸክሙ በአንዲት ቅጽበት ከሞተሩ ላይ ይወርዳል። ጤናማ ፍጥነት ገዢ ያለው ሞተር በዚህ ጊዜ ድምፁ ጥቂት ከፍ ብሎ ወዲያው ይረጋጋል፤ ክብደቶቹ ተከፍተው በሩን ይዘጋሉና። ክንዱ በሽቦ የታሰረ ሞተር ግን የሚያስቆመው የለም። በሩ እንደተከፈተ፣ ሸክም በሌለበት፣ ዝም ብሎ ይፈጥናል። ባለቤቱ በዚያን ጊዜ ምናልባት በማሳው ሌላ ጫፍ ቦይ እየቀደደ ነው። ሮጦ እስኪደርስ ድረስ ሞተሩ ብቻውን ነው።

በሞተሩ ውስጥ በዚያ ሰዓት የሚኾነውን በሒሳብ መከተል ይቻላል። ፒስተኑ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይቆማል፣ ሁለት ጊዜ ይነሣል። በሚቆምበትና በሚነሣበት ጊዜ ቢየላውን ይጎትተዋል። ይህ ጉተታ በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል። ከ3 ሺህ 600 ወደ 5 ሺህ 400 ዙር ሲደርስ ፍጥነቱ በግማሽ ብቻ አድጓል፤ በቢየላው ላይ የሚያርፈው ጉተታ ግን ከሁለት እጥፍ በላይ፣ በትክክል 2 ነጥብ 25 እጥፍ ኾኗል። በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ ያለው ቢየላ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። ዘይቱንም የሚያዳርስለት ፓምፕ የለም፤ ከቢየላው ሥር ያለች ትንሽ ማንኪያ መሳይ ነገር ከታች ያለውን ዘይት እየረጨች ነው የምታለሰልሰው። የዘይቱ መጠንም ከ0 ነጥብ 6 ሊትር አይበልጥም። ዘይቱ ጎድሎ ወይም አርጅቶ፣ ሞተሩም ተዳፋት ላይ ተቀምጦ ከኾነ ቢየላው በመጀመሪያ ይነክሳል፣ ቀጥሎ ይሰበራል። የተሰበረው ቢየላ ክራንክ ሻፍቱ እየገፋው የሞተሩን አካል ቀድዶ ይወጣል። በጎኑ ላይ ቡጢ የሚያህል ቀዳዳ ያለበት ሞተር የጥገና ሱቅ ጥግ ተጥሎ ያየ ሰው ያየው ይህንኑ ነው። የዚያ ዓይነት ሞተር አይጠገንም።

ከቢየላው ሌላ የዝንብሉ መዘውር አለ፤ መካኒኮች ፍላይ ዊል የሚሉት። ከብረት ቀልጦ የተሠራ ከባድ አካል ነው። ከታሰበለት ፍጥነት እጅግ ሲያልፍ ሊፈነዳ ይችላል፤ ስብርባሪውም ቀጭኑን የብረት ሽፋን በጥሶ በአካባቢው ያለን ሰው ይመታል። ቫልቮቹን የሚመልሱት ሞላዎችም በዚያ ፍጥነት አይደርሱባቸውም፤ ቫልቩ ሳይዘጋ ፒስተኑ ይመጣል።

በዚህ ረገድ በስልክ ከሚታዩ ተንቀሳቃሽ ምስሎች የተነሣ የሚፈጠር ብዥታ አለ። በአሜሪካና በሌሎች አገሮች በእነዚህ ሞተሮች የሚነዱ ትንንሽ የውድድር መኪኖች አሉ። ተወዳዳሪዎቹ ፍጥነት ገዢውን አውጥተው ይጥሉታል። ምስሉን የተመለከተ ወጣት ባለሙያ ለምን እኛስ አናደርገውም ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በጉዳዩ የበሰሉት ተወዳዳሪዎች ፍጥነት ገዢውን ከማውጣታቸው በፊት ቢየላውን በተጠናከረ ቢየላ፣ ፍላይ ዊሉን ለከፍተኛ ፍጥነት በተሠራ፣ የቫልቭ ሞላዎቹንም በጠንካራ ይቀይራሉ። ሞተሩም የሚሠራው ለጥቂት ደቂቃዎች ውድድር ነው። የሽንኩርት ማሳ ሞተር በቀን 8 እና 10 ሰዓት፣ ለሳምንታት ያለ ዕረፍት ይሠራል። ሁለቱን አገልግሎቶች ማነጻጸር የጋሪ በሬንና የፈረስ ጉግስን ማነጻጸር ይኾናል።

ወደ ውኃው እንመለስ። ፍጥነት ገዢው ጥፋተኛ ካልኾነ ውኃው ለምን ቀነሰ? ከሁሉ በፊት መጠርጠር ያለበት መምጠጫው ነው። ፓምፕ ውኃን «አይስብም»፤ በውስጡ ያለውን አየር ሲያሳሳ በወንዙ ላይ ያረፈው የከባቢ አየር ክብደት ውኃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። በባሕር ወለል ደረጃ ይህ ክብደት ውኃን ቢበዛ ወደ 10 ሜትር ያወጣል። የጣና አካባቢ ግን ከባሕር ወለል 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ በመኾኑ አየሩ ስስ ነው። በዚህ ከፍታ በሐሳብ ደረጃ እንኳ ከ8 ሜትር ጥቂት ነው የሚያልፈው፤ በቱቦው ውስጥ የሚጠፋውን ስንቀንስ በተግባር ከ5 እስከ 6 ሜትር ላይ መቆም ብልኅነት ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ወደ 2 ሺህ 800 ሜትር በሚጠጉ ቦታዎች ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ወንዙ ሲወርድ ፓምፑ በድሮ ቦታው ከቀረ፣ በውኃውና በፓምፑ መካከል ያለው ከፍታ በየሳምንቱ እየጨመረ ሄዶ ከዚህ ወሰን ይደርሳል። በዚያ ጊዜ ፍጥነት መጨመር ይባስ ያደርገዋል፤ ፓምፑ በፈጠነ ቁጥር በመግቢያው ላይ የሚፈልገው ግፊት ያድጋልና፣ በውስጡ አረፋ እየተፈጠረ ይፈነዳል፣ ጠጠር የሚወቃ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ መዘውሩም እየተበላ ይሄዳል።

መድኃኒቱ ፓምፑን ወደ ውኃው ማውረድ ነው። በደንብ የተደላደለ መደብ ወንዙ ዳር ቆፍሮ ፓምፑን ሁለት ሜትር ዝቅ ማድረግ ከየትኛውም የሞላ ለውጥ የበለጠ ውኃ ይሰጣል። ፓምፑ ውኃን ወደ ላይ ለመግፋት ከመምጠጥ ይልቅ ብርቱ ነው። የገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ከሚመጥ ይልቅ ከታች ተቀምጦ ይገፋ። ደራሽ ውኃ እንዳይወስደው ማታ ማታ ማንሣት እንደሚያስፈልግ ግን አይዘነጋም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የቱቦው ውፍረት ነው። ውኃ በቱቦ ውስጥ ሲሄድ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ግፊቱን ያጣል። ይህ ኪሳራ ከቱቦው ስፋት ጋር ያለው ዝምድና አስደናቂ ነው። ያንኑ መጠን ውኃ በባለ 2 ኢንች ምትክ በባለ 3 ኢንች ቱቦ ማሳለፍ በመፋተግ የሚጠፋውን ግፊት ከ7 እጥፍ በላይ ይቀንሰዋል። ማሳው ከወንዙ ርቆ ከኾነ ረጅሙ ቀጭን ቱቦ የሞተሩን ጉልበት ግማሽ መንገድ ላይ ይበላዋል። ቱቦ ውድ መኾኑ እውነት ነው፤ ለአንድ ወቅት የሚፈጀው ቤንዚን ግን ከዚያ ርካሽ ላይኾን ይችላል። የተጠቀሰው ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት 1 ነጥብ 4 ሊትር ያህል ቤንዚን ይጠጣል። በጎረቤታሞች መካከል ወፍራሙን ቱቦ በጋራ ገዝቶ ተራ በተራ መጠቀም የሚያዋጣ ይመስላል።

የቀሩት ተጠርጣሪዎች ትንንሽ ናቸው። በመምጠጫው ጫፍ ያለው ማጥለያ በቅጠልና በደለል ሊደፈን ይችላል፤ ቅርጫት ውስጥ አድርጎ ማስቀመጥ ይረዳል። የመምጠጫው ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ያለው ጎማ ከደረቀ ውኃ ባያፈስም አየር ያስገባል። የፓምፑ መዘውር በአሸዋ ተበልቶ ከግድግዳው ጋር ያለው ክፍተት ከሰፋ ውኃው በውስጥ ይመላለሳል እንጂ አይወጣም።

የሞተሩ ድካም የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ከእነዚህም አንዱን ማንም ሊያስቀረው አይችልም። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩም ይደክማል። የአምራቹ መመሪያ በእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ ጉልበቱ በ3 ነጥብ 5 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይገልጻል። በባሕር ዳር ከፍታ ይህ 21 በመቶ ይኾናል፤ 4 ነጥብ 8 የነበረው የፈረስ ጉልበት ወደ 3 ነጥብ 8 ይወርዳል። በሱቅ የተነገረው ቁጥር ማሳ ላይ የማይገኝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር በደጋ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ምልክቱ ካንዴላው በጥቁር ጥላሸት መሸፈኑ፣ ጢሱ መጥቆሩና ቤንዚኑ ቶሎ ማለቁ ነው። በዚህ ጊዜ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን ቤንዚን የምትመጥን ትንሽ ቀዳዳ ያላት ክፍል ለከፍታ በተሠራች፣ ቀዳዳዋ በጠበበ መተካት ጥቅም አለው። ያጣነውን ሁሉ ባይመልስም የተወሰነውን ይመልሳል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። ነገር ግን ሞተሩ ወደ መተማ ወይም ወደ ሌላ ቆላ ከተሸጠ ያቺ ክፍል ወደ ነበረችው መመለስ አለባት። አለበለዚያ ቅልቅሉ ከመጠን በላይ ይሳሳና ሞተሩ ይግላል፣ ይጎዳልም።

የታፈነ የአየር ማጣሪያ፣ ልኩን የሳተ የቫልቭ ክፍተት፣ የተበላ የፒስተን ቀለበትም ጉልበት ይወስዳሉ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ዝቅ እያለ የሚያለቅስ ከመሰለ ብዙ ጊዜ ወዲያው ፍጥነት ገዢው ይከሰሳል። ከሞላ ጎደል ግን ጥፋቱ የካርቡሬተሩ ነው፤ ቆሻሻ ስለያዘ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ፍጥነት ገዢው በሩን ይከፍታል፣ ሲፈጥን ይዘጋል፣ እንዲህ እያለ ይመላለሳል። ካርቡሬተሩን ሳያጸዱ ሞላ መቀየር ሌላ ችግር መደረብ ነው።

ቀደም ሲል የተነካካ ሞተር ያለው ሰው ወደ ልኩ መመለስ ይችላል። ሥራው ሞተሩ ጠፍቶ፣ የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ የሚከናወን ነው። ሽቦው ይፈታል፣ ሞላዋ ለዚያ ሞተር በተሠራች ትተካለች፣ በመጀመሪያው ቀዳዳዋም ትሰካለች። ከዚያ ክንዱን ከዘንጓ ጋር ያጣበቀው ዳዶ ይላላል። ክንዱ የካርቡሬተሩ በር ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ይገፋል፤ በዚያው እንደተያዘ ዘንጓ በፒንሳ ክንዱ ወደተገፋበት አቅጣጫ እስክትቆም ትዞራለች፤ ከዚያ ዳዶው ይጠብቃል። ቀጥሎ ሞተሩ ተነሥቶ ሲሞቅ የፍጥነት መስጫውን ጉዞ የምትገድበው ብሎን በካቻቢቴ እየዞረች ያለ ሸክም ያለው ፍጥነት በልኩ ላይ ይቀመጣል።

ይህ የመጨረሻው ሥራ በጆሮ አይሠራም። በካንዴላው ገመድ ላይ ተጠምጥሞ የዙሩን ቁጥር የሚያሳይ ርካሽ መለኪያ አለ፤ ማንኛውም የጥገና ሱቅ ሊኖረው የሚገባ ዕቃ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ይሻል። በእነዚህ ሞተሮች ካንዴላው በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። መለኪያው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ለሚተኩስ ሞተር ከተስተካከለ 3 ሺህ 600 የነበረውን 7 ሺህ 200 ብሎ ያሳያል።

በከተማ ያሉ ነዋሪዎችንም ጉዳዩ ይነካል፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄነሬተር ያው ሞተር ነውና። በዚያ ላይ ፍጥነቱ የሚወስነው ሌላ ነገር አለ። አብዛኞቹ ትንንሽ ጄነሬተሮች በደቂቃ 3 ሺህ ዙር ሲዞሩ የአገራችንን መስመር የሚመስል 50 ኸርዝ ይሰጣሉ። አምፖሉ ደበዘዘ ብሎ ሞላዋን የወጠረ ሰው 3 ሺህ 600 ላይ ካደረሳት 60 ኸርዝ ያገኛል፤ ቮልቴጅ ማረጋጊያ በሌላቸው ዓይነቶች ደግሞ ቮልቴጁ አብሮ ይወጣል። የማቀዝቀዣው ሞተር፣ የቴሌቪዥኑ ኃይል ሰጪ ክፍልና የስልክ ቻርጀሩ ዋጋ ይከፍላሉ። ፍጥነቱ በልኩ ኾኖ ሳለ ቮልቴጁ ከወረደ ችግሩ በኤሌክትሪክ ክፍሉ በኩል ስለኾነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንጂ ሞላ አይፈታውም።

በናፍጣ በሚሠሩት የወፍጮና የመውቂያ ሞተሮች ላይ ነገሩ የባሰ ይከብዳል። የናፍጣ ሞተር አየሩን የሚያጠብ በር የለውም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የሚረጨው የናፍጣ መጠን ብቻ ነው፣ ያንን የሚመጥነውም ፍጥነት ገዢው ነው። አምራቾች የፍጥነቱን መገደቢያ ብሎን በሽቦና በእርሳስ የሚያሽጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሸክም የሌለው የናፍጣ ሞተር ልጓሙ ከተፈታ ራሱን እስኪሰብር ይፈጥናል። እንዲህ ሲገጥም የናፍጣውን መስመር መዝጋት፣ ካልኾነም የአየር መግቢያውን በጠፍጣፋ ጣውላ መክደን ያስቆመዋል። በእጅ ወይም በልብስ መሞከር አይገባም፤ መሳቡ ብርቱ ነው። መቅረብ የማይቻል ከኾነ ሰውን ሁሉ ከአካባቢው ማራቅ ይቀድማል።

መውቂያው ዘገየ፣ ከበሮው ይፍጠን የሚል ባለቤት ሞተሩን ሳይነካ የሚደርስበት መንገድ አለው፤ ፑሌውን መቀየር። የሞተሩ ዙር በሞተሩ ፑሌ ስፋት ሲባዛ የከበሮው ዙር በከበሮው ፑሌ ስፋት ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። በደቂቃ 2 ሺህ 200 ዙር የሚዞር ሞተር ባለ 12 ሴንቲ ሜትር ፑሌ ይዞ ባለ 24 ሴንቲ ሜትሩን የከበሮ ፑሌ በቺንጋ ቢያዞር ከበሮው 1 ሺህ 100 ይዞራል። የከበሮው ፑሌ በባለ 20 ሴንቲ ሜትር ቢተካ ከበሮው 1 ሺህ 320 ይደርሳል፤ ሞተሩ ግን በ2 ሺህ 200 ላይ በሰላም ይቆያል። ከመቀየሩ በፊት የመውቂያው አምራች ለከበሮው የፈቀደውን ወሰን ማየት ያስፈልጋል። ከዚያ ካለፈ እህሉ ይሰነጠቃል፤ ለዘር የታሰበ ከኾነ ደግሞ ብቅለቱ ይጎዳል።